ድንኳን የሌለው ገመድ

አምስተኛው ዛፍ ላይ የገመድ ምልክት ተገኘ። ሰፈሩ ውስጥ ግን ድንኳን አልተተከለም ነበር።

ትርፌ ያየችው መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እንደወትሮዋ አረንጓዴ ሰደርያዋን ደርባ፣ አራት ጀሪካን ውሃ የጫነ ጋሪዋን ኮብልስቶኑ ላይ እያንገጫገጨች፣ ከአስፋልቱ መታጠፊያ ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ዛፎቹ አስራ ስምንት ናቸው፤ በየግቢው በር ፊት አንድ አንድ። አብዛኞቹ ግራቪሊያና ጃካራንዳ፣ ጥቂቱ ወይራ። ከአራት ዓመት በፊት ወረዳው ሲቀጥራት ቁመታቸው ከጉልበቷ አይበልጥም ነበር፤ አሁን ትልልቆቹ ከአጥር በላይ ወጥተዋል። ስም አላወጣችላቸውም፣ ለዚያ ጊዜም የላት። ቁጥር ነው የሰጠቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ታጠጣለች፣ ትኮተኩታለች፣ ትሳደባለች።

የምትሳደበው ዛፎቹን አይደለም፣ ሰዉን ነው። አንዷ የበረኪና እጣቢ ሥሩ ላይ ትደፋለች። አንዱ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት በሚስማር ይመታበታል። ባለታክሲዎቹ ተራ እየጠበቁ ይሸኑበታል። «ዛፉን አትንኩ» ብላ የሰቀለችው ሰሌዳ ላይ ካልሲ ተሰጥቶበት አግኝታ ታውቃለች። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን እድሩ ነው። ድሮ መንገዱ አፈር ሳለ፣ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ካስማው መሬት ውስጥ ይመታ ነበር። ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ካስማ አይገባም። ስለዚህ የድንኳኑን ገመድ የሚያስሩት በእሷ ዛፎች ላይ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ሦስት ቀን ሙሉ የቃጫ ገመድ ለጋውን ግንድ አንቆ ይይዘዋል፣ ነፋስ ድንኳኑን ባወዛወዘው ቁጥር ይፈትገዋል፣ ሲፈታ ቅርፊቱን ይዞ ይነሳል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ቆሞ የሚሞት ዛፍ ነው። ሁለቱን እንደዚህ አጥታ እንደገና ተክላለች። ለወረዳው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም።

ጋሪዋን አቁማ ምልክቱን በጣቷ ዳበሰችው። ደረቷ አካባቢ ነው፤ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ግንዱን ዙሪያውን የከበበ፣ የገመዱ ጥምዝ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት ጥልቅ ቁስል። ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ ገና አልደረቀም። የጥሬ ዱባ ሽታ አለው።

ቀጥታ ጋሽ መኩሪያ በር ሄደች። ጋሽ መኩሪያ የእድሩ ጡሩምባ ነፊና የድንኳኑ ጠባቂ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ዛፌ ላይ ምን አሰሩበት?»

«ማን ሞተና?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎ።»

«ድንኳኑ ከነሐሴ ወዲህ ከቤት አልወጣም። አንቺ ልጅ ደግሞ አበዛሽው። ሰው ሲያለቅስ አንቺ ስለ ቅርፊት ታወሪያለሽ።»

«የብረት ምሰሶ ያሠሩ አልኩ፣ ስንቴ ልናገር?»

«ምሰሶማ አንቺ ቁሚልን» አሉና ሳቁ። «እንዲህ እንደቆምሽ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። ከአምስተኛው ዛፍ በስተኋላ ያሉት እማማ አመለወርቅ ሞተው አደሩ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ማንም አልገረመውም፣ ትርፌም አልገረማትም። ድንኳኑ ሲተከል ግን ከጋሪዋ አጠገብ ቆማ አየች። ጋሽ መኩሪያ ገመዱን ግንዱ ላይ ጠመጠሙት። ገመዱም ከፍም ዝቅም ሳይል፣ ለእሱ ተብሎ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ እንደሚገባ ውሃ፣ ቀድሞ በነበረው ቁስል ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ጋሽ መኩሪያም አዩት። ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ቋጠሮውን አጠበቁ።

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ አስራ አንደኛው ላይ ተደገመ። ያው ስፋት፣ ያው ከፍታ፣ ያው ሽታ።

በዚህ ጊዜ ትርፌ አልተለማመጠችም፤ ጋሽ መኩሪያን ከቁርስ አስነስታ የእድሩን ዕቃ ቤት አስከፈተቻቸው። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከበሩ የሚገባው ብርሃን የተደራረቡትን ብረት ድስቶችና ወንበሮች ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ነክቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቁር ነው። በእርጥብ ሸራ፣ በአሮጌ የዘይት ጭስና በአይጥ ኩስ ሽታ የታጨቀ፣ ጆሮ የሚደፍን ጥቁር። ገመዶቹ ግድግዳው ላይ ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ደረቆች ናቸው። አቧራ ለብሰዋል። ሸረሪት አንዱን ከሌላው ጋር አያይዛ ደርታባቸዋለች፣ ድሩም አልተበጠሰም።

«አመንሽ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ ከበሩ።

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከጭንቅላቷ በላይ ድምፅ ሰማች። ክብደት የያዘ ገመድ ሲወጠር የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ እጥጥጥ የሚል፣ ዝግ ያለ፣ መጨረሻው የማይመጣ። ቀና አለች። ገመዶቹ አልተንቀሳቀሱም። ድምፁ ግን ቆም ብሎ እንደገና ጀመረ፣ ከእርጥቡ ሸራ ሽታ መሃልም የጥሬ ዱባ ሽታ መጣባት።

«ሰምተዋል?»

«ነይ ውጪ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ቁልፉን ሲቆልፉ ሁለት ጊዜ ሳቱት።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ገዛኸኝ ስፌት መኪናው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ቀረ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም ነበር። ቤቱ ከአስራ አንደኛው ዛፍ ጀርባ ነው።

ትርፌ ለማን ትናገር? ወረዳው ስለ ቅርፊት ስትነግረው አልሰማ። ለቄስ ብትነግር ጠበል ይሏታል። ሥራዋን ቀጠለች። ጠዋት ጠዋት ግን ውሃ ማጠጣቱን ትታ መጀመሪያ በባዶ እጇ አስራ ስምንቱንም እየዞረች መዳበስ ጀመረች። ግንዱ ለስላሳ ሲሆን ትተነፍሳለች።

ጥቅምት ሃያ አራት ቀን አስራ አራተኛው ላይ አገኘችው። የእትዬ ፋናዬ በር ነው። ባላቸው ጋሽ ዳምጠው ኩላሊታቸው ከደከመ ከርሟል፤ ፊታቸው አብጧል፣ ሰው አይለዩም፣ ዘመድ ከገጠር ተጠርቷል።

ትርፌ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆሰለ ዛፍ ማከም። እበትና ጭቃ በአመድ ለወሰች፣ ቁስሉን ዙሪያውን መረገችው፣ በጆንያ ቁራጭ ጠቀለለችው። እትዬ ፋናዬ በሩን ገርበብ አድርገው ያዩዋት ነበር።

«ምን አገኘው ዛፉን?» አሉ።

«ተላልጧል። አክሜዋለሁ።»

«ይድናል?»

«ዛፉ?»

እትዬ ፋናዬ በሩን ዘጉት።

ሁለት ቀን ለመተኛት ካልሆነ በቀር ከአስራ አራተኛው ሥር አልተነሳችም። ጭቃው ሲሰነጠቅ ታረጥበዋለች፣ ጆንያው ሲላላ ታጠብቀዋለች። ሌሎቹን አላየችም። በሦስተኛው ቀን ጡሩምባው ሲነፋ ከቤቷ ወጣች፣ ጋሽ ዳምጠው ነው ብላ። ሮጣ ስትደርስ ጋሽ ዳምጠው ራሳቸው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከበር ወጥተዋል፣ ፊታቸው ጎድሏል፣ ዓይናቸው ጥርት ብሏል። «ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቋት።

የሞቱት መምህር ካሳዬ ነበሩ፣ ከታች፣ ከሁለተኛው ዛፍ ጀርባ። ወርዳ ስታየው ምልክቱ አለ። ሁለት ቀን ስላልወረደች አላየችውም። ያኔ ነው በራሷ የተናደደችው። ቀድማ ብታገኘው፣ ቀድማ ብትመርገው መምህሩ ይተርፉ ነበር። መድኃኒቱ እጇ ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ አንድ ዛፍ ታቅፋ ተቀመጠች። ጭቃው ነው የሠራው፤ በዚህ አልተጠራጠረችም። አንድ ጀሪካን እበት አምጥታ በሯ ሥር አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ተለወጠ።

መጀመሪያ ያየችው ባለ ሰባተኛውን በር ነው። ሥሩ ላይ የዘይት እጣቢ ሲደፋ የኖረ ሰውዬ በዛፉ ዙሪያ የቆርቆሮ አጥር እያጠረ ነበር። በማግስቱ ባለ አራተኛዋ ሽቦ ጠመጠመችበት። የማስታወቂያ ሚስማሮች ተነቀሉ። ባለታክሲዎቹን ሰዉ ራሱ ያባርራቸው ጀመር። ጠዋት ስትወጣ አንዱ ቀድሟት ተነስቶ ግንዱን ሲዳብስ ታገኘዋለች፤ ሲያያት እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። «ትርፌ፣ ዛፋችንን አየሽልን? ደህና ነው?» ይሏታል፣ አራት ዓመት ሰላም ያላሏት ሰዎች። እሷም ኮራች፣ ምን ታድርግ። አራት ዓመት ጮኻ ጮኻ ገና አሁን ገባቸው ብላ አሰበች። ጋሽ መኩሪያ እንኳ፣ የኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደረታቸውን አሟቸው ከመተኛታቸው በፊት፣ በራቸው ላይ ያለውን አስራ ስድስተኛውን ዛፍ በወፍራም ጆንያ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ ሸፍነውታል። «ለብርዱ ነው» አለ ልጃቸው። ትርፌ ብርቱካን ይዛ ጠየቀቻቸው፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር በእጃቸው ብቻ ነው የመረቋት። እሁድ ዕለት መሰላል ላይ ወጥተው ጣሪያ ሲጠግኑ አየቻቸው። «ተመስገን ነው!» ብላ ጮኸችላቸው። ዞረው አላዩዋትም።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁራት ነበር። ሰዎቹ ዛፉን ሲጠብቁ ጀርባቸውን የሚሰጡት ለዛፉ ነው። የሚያዩት እርስ በርስ ነው።

ልጇ ረድኤት ለመውለድ እናቷ ቤት ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያዋ ነው። ትርፌ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፣ ሌላ ልጅ የላትም። አልጋዋን ለቃ መሬት ትተኛለች፣ የገንፎውን ዱቄት አዘጋጅታለች፣ ያረጁ አንሶላዎች ቀዳ የሕፃን ጨርቅ ሰፍታ አጥባ ግቢው ውስጥ አስጥታለች። ረድኤት ከሆዷ ጋር ታወራለች፣ ከእናቷ ጋር ትጣላለች።

«እማዬ፣ ዛፍ ዛፍ ስትዪ ምጥ ሲይዘኝ ውጪ እንዳላገኝሽ።»

«በር ላይ ነው ያለሁት። የት እሄዳለሁ?»

«ለልጁ ግራቪሊያ ብለሽ ስም እንዳታወጪ ብቻ።»

ኅዳር አስር ቀን ጠዋት ትርፌ ከግቢዋ ወጥታ እጇን ዘጠነኛው ግንድ ላይ አሳረፈች፤ የራሷ በር ላይ ያለው ጃካራንዳ ነው። ጣቷ ወደ ውስጥ ገባ።

ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሳችም። ጎህ ገና ስላልቀደደ በዓይኗ ከማየቷ በፊት በጣቷ ነው ያነበበችው፤ ዙሪያውን ተከተለችው፣ ጥምዙን ቆጠረችው፣ እርጥበቱ መዳፏን አጣበቀው። ከዚያ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ጣቷ ሌላ ነገር አገኘ። ሁለተኛ ምልክት ነበር። የጫማ ክር የምታህል ቀጭን፣ ንጹሕ፣ በምላጭ የተሳለች የምትመስል መስመር። እንዲህ ዓይነቱን ከዚህ በፊት በየትኛውም ላይ አላየችም።

እበቱ ዝግጁ ነበር። ለወሰች፣ መረገች፣ ጠቀለለች። ሁለቱንም። ጋሽ ዳምጠው በእግራቸው ይሄዳሉ አይደል? ለረድኤት አልነገረቻትም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ረድኤት ራሴን አመመኝ አለች። በማግስቱ እግሯ አበጠ፣ ዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ ይላል አለች። ትርፌ እየወጣች ጭቃውን አየችው። አልተሰነጠቀም። ጆንያው አልላላም። እንዲህ ጥሩ አድርጋ የመረገችው ዛፍ የለም። በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ነገ በጠዋት ሆስፒታል ትግባ አሉ።

ኅዳር አስራ ሁለት ቀን የረድኤት ባል ኤርምያስ በታክሲ መጥቶ ወሰዳት። ትርፌ ደግፋ አስገባቻት። «እከተላችኋለሁ» አለች። ረድኤት በመስኮቱ እጇን ይዛ ለቀቀቻት፣ እጇ ትኩስ ነበር። ትርፌ ግን ከዘጠነኛው ዛፍ ርቃ መሄድ አልቻለችም። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው።

ዕለቱ ኅዳር የሚታጠንበት ነው። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን በየበሩ ቆልሎ ያቃጥላል፤ የድሮውን በሽታ ለማባረር ነው ይላሉ። ሌላ ዓመት ቢሆን ትርፌ በዚህ ቀን ባልዲ ይዛ ከሥር ከሥር እየሮጠች እሳት ታጠፋለች፣ የዛፍ ሥር ላይ የሚያቃጥለውን ትሰድባለች። ዛሬ ማንም ሰው ዛፍ አጠገብ አላቃጠለም። ክምሮቹ ሁሉ መንገዱ መሃል ነበሩ፤ የላስቲክ፣ የእርጥብ ቅጠልና የዶሮ ላባ ጭስ ዝቅ ብሎ ኮብልስቶኑ ላይ ተኝቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የመዳብ ሳንቲም አክላ፣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደመሸ ሆኖ ነበር። ጭሱ ውስጥ የሆነ ቦታ ያ ድምፅ ይሰማል፤ እጥጥጥ የሚል፣ የሚወጠር። ከየት እንደሆነ አይታወቅም።

ስልኳ ጮኸ። ኤርምያስ ነው።

«እትዬ፣ አስተኝተዋታል። የልጁ ልብ ምት ቀንሷል አሉ። ኦፕራሲዮን ሊያስገቧት ነው። እሷም... ቶሎ ይምጡ።»

ትርፌ ስልኩን ዘጋችው። ወደ ሆስፒታል አልሄደችም። ሮጣ አስራ አራተኛው በር ደረሰች፣ በሩን በእግሯ መታችው። እትዬ ፋናዬ ከፈቱ፤ እጃቸው ሰሞኑን እንደሚያደርጉት ነጠላ ውስጥ ነው።

«እትዬ ፋናዬ፣ ጭቃው አልሠራልኝም። ያንቺን ጊዜ ምን ጨምሬበት ነበር? አስታውሺኝ። አመዱ የምንድን ነው? አንቺ አይተሻል፣ በሩ ላይ ነበርሽ።»

እትዬ ፋናዬ በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉ።

«ጭቃው አይደለም፣ ትርፌ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ነጠላቸውን ገለጡ። መዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ተልጧል። ቁስሉ ጠባሳ ይዟል፣ ጠባሳው ላይ የገመድ ጥምዝ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ትርፌ መዳፉን አየች። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ሁለተኛው ዛፍ አቅጣጫ አየች። ጭስ ብቻ ነው።

«መምህር ካሳዬ» አለች።

«ብቻቸውን ነበሩ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። አንድ ቀን ሙሉ አለቀስኩ መጀመሪያ።» እትዬ ፋናዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጨረሻ የታሰረው ነው የሚቆጠረው። ከቀኑ በፊት ሌላው ላይ ካሰርሽ ያንቺ ይቀራል።»

«ማን ነገረሽ ይሄን?»

«የልብስ ሰፊው ሚስት። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ዘግይቶ ገባት። እሷ ነገረችኝ። አሁን ሁሉም ያውቃል። ካንቺ በቀር። ዛፍ ለምትጠብቅ ሴት እንዴት ተብሎ ይነገራታል?»

«የእማማ አመለወርቅን ማን አሰረው? የመጀመሪያውን?»

«እሱን ማንም አላሰረውም።»

«የኔንስ?»

እትዬ ፋናዬ ጭሱን አሻግረው ወደ አስራ ስድስተኛው በር አዩ። ጆንያ የለበሰው ዛፍ ቆሟል። ጋሽ መኩሪያ ከፊቱ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ቀጭኑስ?» አለች ትርፌ። «አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀጭን ምልክት አለው። ማን ነው ያን ያሰረው?»

«ቀጭን?» እትዬ ፋናዬ አፋቸውን በነጠላው ያዙ። «እኔ ቀጭን አላየሁም። ቀጭን የሚያስር ሰውም የለም።»

ትርፌ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የሕፃኑ ጨርቆች ተሰጥተዋል፣ ጭስ ጠጥተዋል። አንድ በአንድ አንስታ አጠፈቻቸው፣ ወንበር ላይ ደረደረቻቸው። ገመዱን ፈታችው፣ ክንዷ ላይ ጠቀለለችው፣ ወጣች።

ሰዉ በየዛፉ ሥር ተቀምጧል። ጭሱ ውስጥ በየበሩ አንድ አንድ ሰው፣ አንዱ ዱካ ላይ፣ አንዱ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው። ስታልፍ ዓይናቸው ፊቷን አያይም፣ ክንዷን ነው የሚያየው። ባለ ሰባተኛው በር ሰውዬ ሳጥኑን ወደ ቆርቆሮው አጥር አስጠጋ። ባለ አስረኛዋ ተነስታ ግንዱን በሁለት እጇ አቀፈችው። ጋሽ መኩሪያ ብቻ ጎንበስ ብለው መሬት መሬት ያያሉ፤ መዳፋቸው በጨርቅ ታስሯል። ትርፌ ፊታቸው ደርሳ ቆመች።

«ጋሽ መኩሪያ።»

«ይቅር በይኝ አልልሽም» አሉ። «ይቅር አትይኝም።»

«ይነሱ ከዚህ።»

«አልነሳም፣ ልጄ። ብትገድዪኝም አልነሳም።»

ስልኳ ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አላነሳችውም። ሊያደርስላት የሚችለው አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ገና አልሰማችም፣ ስለዚህ ገና ነው። ወደ ላይ ወጣች።

አስራ ሰባተኛው ዛፍ ሥር ሰው የለም። ግራቪሊያ ነው፣ ከሁሉም ወፍራሙ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ፤ በእጇ አራት ዓመት ያሳደገችው፣ ቢቆስል የሚችለው። እዚያ ግቢ ውስጥ የገቡት ተከራዮች ሳምንትም አልሞላቸውም። ገና የሰፈሩን ሰው አያውቁም፣ የሚነግራቸውም የለም። ከበሩ ወዲያ መጥረጊያ ይሰማል። ትርፌ ገመዱን ደረቷ ከፍታ ላይ ጠመጠመችው፣ ሁለቱን ጫፎች መዳፎቿ ላይ አዞረች።

መጥረጊያው ቆመ።

«ማን ነው?» አለ የሴት ድምፅ። ወጣት ናት።

«እኔ ነኝ። የዛፉ ሠራተኛ።»

«እንዴ፣ በዚህ ጭስ? እግዚአብሔር ይስጥልን እናቴ፣ በርቺ።»

ትርፌ አንድ እግሯን ግንዱ ላይ አስደግፋ ገመዱን ሳበች።